ሉፑ የሚያነክሰው የት ላይ ነው?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ “ኤሌክትሪክ ክራር እጫወታለሁ፤ እዘፍናለሁም። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ባለ አንድ መርገጫ ሉፕ ፔዳል (የተጫወቱትን ቀድቶ ደጋግሞ የሚያዞር፣ በእግር የሚረገጥ መሣሪያ) አመጣችልኝ። በዝግታ በሚሄዱ ዜማዎች ይሠራልኛል፤ ችክችካ ስሞክር ግን ሉፑ ዙሩን ጨርሶ ሲመለስ አንዳች ነገር ያደናቅፈዋል። ሦስተኛና አራተኛ ድምፅ ስደርብበት ደግሞ ሁሉም ተቀላቅሎ ጭቃ ይሆናል። ፔዳሉ ተበላሽቶ ይሆን? ብቻዬን ይዤው መድረክ ለመውጣትስ ምን ያህል ልለማመድ?”

ወንድሜ፣ ፔዳልህ ደህና ነው። ነገር ግን ደህና ሆኖ እንዲቆይ፣ ወደ ሙዚቃው ከመግባቴ በፊት ተነስና የአዳፕተሩን ጽሑፍ አንብብ። ከአሜሪካ የመጣ አዳፕተር ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ግድግዳ 220 ነው። ጽሑፉ “100–240 ቮልት” ካለ አትጨነቅ፣ ሶኬቱን የሚያገጣጥም ብቻ ፈልግ። “120 ቮልት” ብቻ ካለ አትሰካው፤ እዚሁ ሌላ ግዛ። ስትገዛም 9 ቮልት መሆኑ ብቻ አይበቃም። አብዛኞቹ የጊታር ፔዳሎች የመሰኪያው መካከለኛ ነጥብ ኔጌቲቭ የሆነ አዳፕተር ይፈልጋሉ፤ ከሱቅ በዘፈቀደ የሚነሳው አዳፕተር ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ከፔዳሉ ጀርባ ያለውን ትንሽ ሥዕል ከአዳፕተሩ ሥዕል ጋር አስተያየው። የሚሊአምፔሩን መጠንም አነጻጽር፤ የአዳፕተሩ ቁጥር ፔዳሉ ከሚጠይቀው እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ፔዳሎችን ለጥገና ይዘውልኝ የመጡ ተማሪዎች ስላሉ ነው ነገሩን ከሁሉ ያስቀደምኩት።

አሁን ወደ ማነከሱ። ሉፕ ፔዳል ስለ ምት የሚያውቀው ነገር የለም። ባርም (አንድ ሙሉ የምት ክፍል ማለት ነው)፣ ዘፈንም፣ ችክችካም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመጀመሪያው መርገጥህና በሁለተኛው መርገጥህ መካከል ያለፈውን ጊዜ። ያንን ጊዜ ይዞ ያዞረዋል። ዲጂታል ማኅደረ ትውስታ ከመምጣቱ በፊት ሙዚቀኞች ይህንን የሚሠሩት በሁለት ቴፕ መቅረጫዎች መካከል አንድ የቴፕ ክር ዘርግተው ነበር፤ የዙሩን ርዝመት የሚወስነው በማሽኖቹ መካከል ያለው ርቀት ነበርና ለመለወጥ ጠረጴዛ መግፋት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ያንን ርቀት የሚለካው እግርህ ነው። ስለዚህ የሉፑን ጥራት የሚወስነው ቅጂውን የምትዘጋበት መርገጥ ነው።

በቁጥር ላሳይህ። ችክችካ በ6/8 ሲቆጠር በባር ውስጥ ሁለት ዋና ምቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ዋና ምት ሦስት ትንንሽ ምቶችን ይይዛል። ፍጥነቱን በደቂቃ 100 ዋና ምት እናድርገው። አንዱ ዋና ምት 0.6 ሰከንድ፣ አንዱ ባር 1.2 ሰከንድ፣ አንዷ ትንሽ ምት ደግሞ 0.2 ሰከንድ ትሆናለች። አራት ባር ብትቀዳ ሉፕህ 4.8 ሰከንድ መሆን አለበት። አሁን መዝጊያውን በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ አዘገየኸው እንበል። ሉፑ 4.9 ሰከንድ ሆነ። በዝግታ በሚሄድ ዜማ ይህ መዘግየት እንደ ትንፋሽ ያልፋል። በችክችካ ግን የትንሿ ምት ግማሽ ነው፤ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። እሱ ነው የሚያደናቅፍህ። አጠገብህ ከበሮ የሚመታ ሰው ቢኖርና የራሱን ፍጥነት ይዞ ቢቀጥል ኖሮ ነገሩ የባሰ ይሆን ነበር። ከስድስት ዙር በኋላ እሱና ሉፑ በአንድ ሙሉ ዋና ምት፣ ከአሥራ ሁለት ዙር በኋላ በአንድ ሙሉ ባር ይለያያሉ። ስለዚህ ከከበሮ ጋር ስትጫወት ከበሮው ሉፑን ይከተል እንጂ ሉፑ ከበሮውን ሊከተል አይችልም፤ ከበሮ መቺውም ሉፑን ከራሱ ከበሮ በላይ ጎልቶ መስማት አለበት።

ለምንድን ነው የሚዘገየው? ብዙ ጀማሪዎች የአዲሱን ባር የመጀመሪያ ምት ከሰሙ በኋላ ስለሚረግጡ ነው። ሰምቶ መርገጥ ሁልጊዜ ዘግይቶ መርገጥ ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አይተህ ከሆነ አንዷ የሌላዋን ዘነዘና ድምፅ ሰምታ አትጀምርም፤ የሌላዋ ሲያርፍ የእሷ በአየር ላይ መንገዱን ጀምሯል። እግርህም እንደዚያ ይሁን። መዝጊያውን እንደ አንድ ተጨማሪ የከበሮ ምት ቁጠረው፤ ከአውራ ጣትህ ጋር በአንድ ቅጽበት የሚያርፍ ምት ነው። አብዛኞቹ ፔዳሎች ትእዛዙን የሚቀበሉት መርገጫው ሲወርድ እንጂ ሲለቀቅ ስላልሆነ፣ መውረዱ ነው በምቱ ላይ ማረፍ ያለበት።

እዚህ ላይ የክራር ተጫዋቾች ብቻ የሚገጥማቸው አንድ ችግር አለ። ተቀምጠህ የምትጫወት ከሆነ ክራሩ በተደገፈበት ጭን በኩል ባለው እግር ፔዳሉን አትርገጥ። እግሩ ሲነሳ ክራሩ ይነሳል፤ ያን ጊዜ የምትገርፍበት እጅ ቦታውን ይስታል፤ ሳታውቀውም ምቱ ይዛባል። ፔዳሉን ወደ ሌላው እግር አዙረው፤ ተረከዝህ መሬት ሳይለቅ የእግርህ ፊት ብቻ እንዲወርድ ወንበርህን አስተካክል። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ መርገጫው የት ላይ እንደሚነካ እንዳይሰማህ ያደርጋል። እኔ በስስ ሶል ነው የምጫወተው፤ ቤት ውስጥ በካልሲ ብቻ።

ሌላው የማነከስ ምንጭ ከመዝጊያው ይልቅ መክፈቻው ነው። ብዙ የችክችካ ሐረጎች የሚነሱት ከባሩ መጀመሪያ ቀድመው፣ ከቀደመው ባር መጨረሻ ላይ ካለችው ትንሽ ምት ነው። ጣትህ ሲነሳ እግርህም አብሮ ይረግጣል፤ ስትዘጋ ግን ባሩ መጀመሪያ ላይ ትዘጋለህ። የከፈትክበትና የዘጋህበት ቦታ አንድ ስላልሆነ ሉፑ በዚያች ትንሽ ምት ያህል ይረዝማል። ፔዳሉ ከየትኛውም ምት ብትጀምር ግድ የለውም፤ በጀመርክበት በዚያው ቦታ መዝጋትህን ብቻ ይፈልጋል። ለጊዜው ግን ሁልጊዜ በባሩ የመጀመሪያ ምት ክፈትና በባሩ የመጀመሪያ ምት ዝጋ።

ይህንን የማርምበት ልምምድ ዜማ የለውም። አውታሮቹን በግራ እጅህ ሙሉ በሙሉ አፍነህ በቀኝ እጅህ የችክችካን ምት ብቻ ግረፍ። ሳትቀዳ ሁለት ባር ሂድ፤ ሳታቋርጥ በሦስተኛው ባር መጀመሪያ ክፈት፤ ሁለት ባር ከሄድክ በኋላ ዝጋ። አሁን እጅህን አንሳና ዝም ብለህ ሃያ ዙር አዳምጥ። በጭንቅላትህ ተወዛወዝለት። ሰውነትህ ሳይደነቃቀፍ ሃያውን ዙር ከዞረ ሉፑ ጥሩ ነው። ካልሆነ አጥፍተህ እንደገና። በቀን አሥር ደቂቃ ይህንን ብቻ ሥራ። ተማሪዎቼ ከሁሉ በላይ የሚሰለቹት ይህንን ልምምድ ነው፤ እኔ ግን የማልደራደርበት ነው። መዝጊያው ሳይስተካከል የሚደረብ ድምፅ ሁሉ ያንኑ ማነከስ ተሸክሞ ይዞራል።

ምቱ ተስተካክሎም አንዳንድ ጊዜ ስፌቱ ላይ፣ የሉፑ መጨረሻና መጀመሪያ በሚገናኙበት ቦታ፣ “ቷ” የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ የጊዜ ጉዳይ አይደለም። የክራር አውታር ተመትቶ ወዲያው አይሞትም፤ ድምፁ ጭራ አለው። ሉፑ ሲዘጋ ጭራው ተቆርጦ ይቀራል፤ ዙሩ ሲጀምር ደግሞ ከፊት ለፊቱ የቀደመ ድምፅ የለም፤ ባዶ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ከላይ ያልኩህ ነው፦ ከመክፈትህ በፊት እየተጫወትክ ሁን፤ ያን ጊዜ የቀደመው ባር ጭራ ወደ ሉፑ መጀመሪያ ይገባል። ሁለተኛው፣ ፔዳልህ ከቀረጻ በቀጥታ ወደ መደረብ እንዲሸጋገር ማድረግ የሚቻል ከሆነ እንደዚያ አድርገው፤ ስትዘጋ የመጨረሻውን ድምፅ አታፍነው፣ በሚቀጥለው ዙር መጀመሪያ ላይ ራሱ ይደረባል፤ ከዚያ ረግጠህ ከመደረብ ውጣ። አንዳንድ ፔዳሎች ይህንን ቅደም ተከተል መቀየር ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ መጀመሪያ ያጫውታሉ፣ በሦስተኛው መርገጥ ነው የሚደርቡት። ከፔዳሉ ጋር የመጣችውን ትንሽ መመሪያ ተመልከት። ከመደረብ ቶሎ መውጣትን ግን በምንም ዓይነት ፔዳል አትርሳ፤ እዚያ በቆየህ ቁጥር የገመዱ ሽውታ፣ የመብራቱ እንጉርጉሮ፣ የክራርህ መንቀጥቀጥ ሁሉ በየዙሩ ይከማቻል።

ስለ ጭቃው። ጊታር የሚጫወት ሰው ሦስት አራት ድምፅ ሲደርብ ቦታ አለው፤ ከወፍራሙ አውታር እስከ ቀጭኑ ጫፍ ከሦስት ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ርቀት፣ ለምሳሌ ከዶ እስከ ዶ) በላይ ይደርሳል። ባለ ስድስት አውታር ክራር ግን በአብዛኛው የሚሸፍነው አንድ ኦክታቭ ነው፤ አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ናቸው፣ ስድስተኛው የአንዱ ድግግሞሽ። ስለዚህ አራት ጊዜ ስትደርብ አራቱም ድምፆች እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ይጋፋሉ። በዩቲዩብ የምታያቸው የጊታር ሉፕ ትምህርቶች ይህንን ችግር አይነግሩህም፤ የእነሱ ችግር አይደለምና። ለክራር ድርቦችን በቁመት ሳይሆን በጠባይ ለያቸው።

የመጀመሪያው ድርብ እንጨትና ቆዳ ይሁን። የገበቴውን ፊት በጣትህ ጫፍ ምታ፤ ጠርዙን በጥፍርህ። ብርኩማው (አውታሮቹ የሚያርፉበት ድልድይ) አጠገብ የተለጠፈ ፒክአፕ፣ ማለትም ድምፅ ተቀባይ፣ ካለህ ይህ ምት ከበሮ የሚመስል ወፍራም ድምፅ ይሰጥሃል። ሁለተኛው፣ የታፈነ ግርፍ፤ ዜማ የሌለው፣ ምቱን ብቻ የሚይዝ። ሦስተኛው፣ በድርደራ (አውታሮቹን በየተራ በጣት በመንካት) ሁለት ወይም ሦስት አውታር ብቻ የሚነካ አጭር ተመላላሽ ሐረግ። በቃ። ከዚያ በላይ ያለው ቦታ የድምፅህና በቀጥታ የምትጫወተው ክራር ነው። ቤዝ ከፈለግክ ከሉፕ ፔዳሉ በፊት ኦክታቭ ፔዳል (ድምፁን በአንድ ኦክታቭ የሚያወርድ) አስገባ፤ አንድ አውታር ብቻ እየነካህ የቤዙን መስመር ቅዳ፣ ከዚያ ኦክታቩን አጥፋው። በአንድ ጊዜ ብዙ አውታር ከነካህ አብዛኞቹ ኦክታቭ ፔዳሎች ይደናገራሉ። ሌሎች ድምፅ ቀያሪዎችም ካሉህ ሉፕ ፔዳሉ ከሁሉም በኋላ ይቀመጥ። ከዲስቶርሽን (ድምፁን ሻካራ ከሚያደርገው ፔዳል) በፊት ካስቀመጥከው የደረብከው ሁሉ በአንድነት ወደ ዲስቶርሽኑ ይገባና ምንም የማይለይ ጩኸት ይሆናል።

የሉፑን የድምፅ መጠን በቀጥታ ከምትጫወተው ትንሽ ዝቅ አድርገው። ይህን ምክር ብዙዎች ይዘሉታል፤ የተመልካች ጆሮ ግን ያለ ማንም ምክር ወደሚጎላው ይሄዳል፤ የሚጎላው ደግሞ አሁን የምትሠራው መሆን አለበት።

አሁን እኔን ከሁሉ በላይ ወደሚያስደስተኝ ጉዳይ ልምጣ፤ ቅኝት። የእኛ ሙዚቃ ለሉፕ የተመቸ ነው። የምዕራቡ ዘፈን በየጥቂት ባሩ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ስለሚቀይር ሉፕ የሚጠቀም ዘፋኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአራት ኮርድ ታስሮ ይቀራል። የክራር አጃቢነት ግን ድሮውንም ተመላላሽ ሐረግ ነው፤ በአንድ ቅኝት ውስጥ እየዞረ ዘፋኙን ይሸከማል። ፔዳሉ የሚሠራውን ሥራ የክራር ተጫዋች ቀኝ እጅ ሲሠራው ኖሯል።

ችግሩ የሚመጣው ቅኝት ስትቀይር ነው። ሉፑ የተቀዳበትን ቅኝት ይዞ ይቀራል። ግን አንድ መንገድ አለ፤ ተማሪዎቼን ሳሳያቸው ፊታቸው ሲበራ ስለማይ እወደዋለሁ። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ብንጀምር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ትዝታ ማይነር ሲሆን ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፤ ዶ፣ ሬና ሶል አይነኩም። እንግዲያው ሉፕህን በዶ፣ በሬና በሶል ብቻ ሥራው። ሉፑ እየዞረ ሁለቱን አውታሮች ዝቅ አድርገህ ቃኛቸው፤ ወይም ክራሩን ተወውና በድምፅህ ብቻ ተሻገር። ከሥር ያለው ሉፕ ሳይለወጥ የዘፈኑ ፊት ይለወጣል። በባቲ ቅኝትም ይሠራል፤ የባቲ ሜጀርና ማይነር የጋራ ድምፆች ዶ፣ ፋና ሶል ናቸው። ሉፑን ባዶ ሊመስል እስኪችል ድረስ በጥቂት ድምፅ መሥራት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከቅኝት ጋር የተያያዘ አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ክራር በመድረክ መብራት ሥር ሲሞቅ መቃኛው ይላላል፤ አውታሮቹ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። ያለ ሉፕ ስትጫወት ሁሉም አብረው ትንሽ ቢወርዱ ጆሮ ይቀበላል፤ ዘፋኙም ሳያውቀው አብሮ ይወርዳል። ሉፑ ግን በተቀዳበት ደቂቃ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የምትደርበው ክራር ከራስህ ክራር ጋር ይጣላል። በእያንዳንዱ ዘፈን መጀመሪያ ቃኝ፤ ሉፑን በዚያው ዘፈን ቅዳ፤ ከቤት ቀድተህ ያስቀመጥከውን ሉፕ በመድረክ ላይ አትጠቀም።

ድምፅህን ጭምር ልቀዳ ካልክ፣ ማይክሮፎኑ በቀጥታ ወደ ጊታር ፔዳል አይገባም፤ መሰኪያውም የድምፁ ጉልበትም አይመጥንም። የማይክሮፎን መግቢያ ያለው ሉፕ ፔዳል ወይም በመካከል ትንሽ ሚክሰር ያስፈልግሃል። የእኔ ምክር ግን ለመጀመሪያው ዓመት ድምፅህን ከሉፑ ውጭ አድርገው ነው። ማይክሮፎኑ ከስፒከሩ የሚመጣውን ሉፕ ራሱን መልሶ ይቀዳና በየድርቡ ደብዛዛ ያደርገዋል። ከዚያ በላይ ግን፣ በዜማችን ውስጥ ነፃ ሆኖ መቆየት ያለበት የዘፋኙ ድምፅ ነው። የትዝታን መግቢያ አስብ። ዘፋኙ ቃሉን ይጎትተዋል፣ ያቆመዋል፣ ይመልሰዋል፤ ክራሩ ይጠብቀዋል። በዚያ ቦታ ሉፕ ከከፈትክ ዘፋኙ ማሽኑን ይጠብቃል እንጂ ማሽኑ ዘፋኙን አይጠብቅም፤ ትዝታውም ትዝታነቱ ያልቃል። መግቢያውን ያለ ሉፕ ዝፈነው። ምቱ ሲገባ ክፈት። ያ የመሸጋገሪያ ቅጽበት፣ ብቻህን የነበርከው ሰው ድንገት ሦስት ሆነህ የምትሰማበት፣ ለተመልካች ከማንኛውም የእጅ ቅልጥፍና በላይ ነው።

መድረክ ለመውጣት ስንት ጊዜ ልለማመድ ላልከው፣ የወራት ቁጥር አልሰጥህም፤ መለኪያ ልስጥህ። የታፈነውን ምት አሥር ጊዜ በተከታታይ ቀድተህ አሥሩም ሃያ ዙር ሳያነክሱ ከዞሩ፣ ወጥተህ ሁለት ዘፈን ብቻ በሉፕ ሥራ። የቀሩትን እንደ ድሮህ ተጫወት። ሁለቱንም ዘፈኖች ያለ ፔዳልም መጨረስ መቻልህን አረጋግጥ። አንድ ምሽት በአንድ ምግብ ቤት ስጫወት በሦስተኛው ዘፈን መሐል መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ወሰደ፤ ፔዳሉ ተመልሶ ሲበራ ግን የቀዳሁት ሉፕ አልነበረም። በጭብጨባና በባዶ ክራር ነው የጨረስኩት፤ ዘፈኑን ያለ ሉፕ አውቀው ስለነበር ብቻ ተቻለ።

የመደምሰሻውንም ሥራ ተለማመድ። መርገጫውን ይዘህ ስትቆይ የመጨረሻው ድርብ ይወጣል፤ እንደገና ይዘህ ስትቆይ ይመለሳል። ብዙዎች ይህንን ስህተት ማረሚያ ብቻ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ተመላላሹን የድርደራ ሐረግ የመጨረሻ ድርብ አደርገውና በስንኙ ላይ አስወጣዋለሁ፣ በአዝማቹ ላይ እመልሰዋለሁ። አንድ መርገጫ ያለው ፔዳል በዚህ ዘዴ ሁለት ክፍል ያለው ዘፈን ይሸከማል። መያዣው አንድ ሁለት ሰከንድ ስለሚወስድ ግን መርገጥ የምትጀምረው አዝማቹ ከመድረሱ አንድ ባር ያህል ቀድመህ ነው፤ ስንት እንደሚወስድ በራስህ ፔዳል ላይ ቆጥረህ እወቀው።

ማቆሙንም ቀድመህ አስብበት። ባለ አንድ መርገጫ ፔዳል የሚቆመው ሁለት ጊዜ በፍጥነት ሲረገጥ ነው፤ ሉፑን የሚያቆመው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ በባሩ የመጀመሪያ ምት ላይ ማረፍ ያለበት ሁለተኛው መርገጥ ሲሆን የመጀመሪያው ከእሱ በፊት ባለችው ትንሽ ምት ላይ ይውላል፤ “ታ-ታም” እንደማለት። እሱ ሲያርፍ የመጨረሻውን ሐረግ በባዶ ክራር ተጫወት፤ ሉፑ ከጠፋ በኋላ ያለችውን ጸጥታም አትሙላት።